ጋቢና ቆጮ ይዤ ግምጃ ቤት የሄድኩ ዕለት

መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ፣ መዝሙረ ዳዊት ላይ፣ አንድ የተጣጠፈ ደረሰኝ አለ። ቀለሙ ለቅቋል፤ ማኅተሙም ከወይን ጠጅነት ወደ ቡኒነት ዞሯል። የልጅ ልጆቼ ሲያገላብጡ ያገኙትና «አባባ፣ ይሄ ምንድነው?» ይሉኛል። የግብር ደረሰኝ ነው ስላቸው ይስቃሉ። ሰው የግብር ደረሰኝ ከዳዊት ጋር ያስቀምጣል ወይ? እኔ አስቀምጣለሁ። ምክንያቱን ልጽፈው ፈለግሁ። ትምህርቴ ትንሽ ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ወደ ማብቂያው ነው። እኔ ዲላ ውስጥ ጎሚስታ ነበርኩ። የፈነዳ ጎማ ከቸርኬው አወጣለሁ፣ የተበሳ ካላማዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ እለጥፋለሁ፣ ነፍቼ እመልሳለሁ። ሥራውን የተማርኩት ከአንድ ግሪካዊ ጋራዥ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ተቀጥሬለታለሁ። ሰውየው ቁጡ ነበር፤ ቢሆንም ደመወዜን አስቀርቶብኝ አያውቅም። አንድ ልማድ ነበረው። ማንም ደንበኛ ሲከፍለው፣ ትልቅ ሹምም ይሁን ተራ ሾፌር፣ ምን እንዳሠራና ስንት እንደከፈለ ደንበኛው ራሱ በገዛ እጁ ቁራጭ ወረቀት ላይ ሳይጽፍለት አይለቀውም። «ነገ ተመልሶ ሲጨቃጨቀኝ የራሱን ጽሕፈት አሳየዋለሁ» ይል ነበር። ያ ልማድ ወደ እኔም ተጋባ። ለምን እንደሚጠቅመኝ ሳላውቅ ተጋባብኝ።

ግሪካዊው ዕድሜው ሲገፋ ጋራዡን ዘግቶ ወደ ልጆቹ ሄደ። ሲሄድ አንድ ክሪክ፣ አንድ መንፊያና ሦስት የጎማ መፈልቀቂያ ብረት ሰጠኝ። «እንግዲህ አለቃህ አንተ ነህ» አለኝ። እኔም ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ሴትዮ አጥር ሥር፣ አራት እንጨት ተክዬ ሣር አለበስኩበትና ሥራ ጀመርኩ። ማዘጋጃ ቤት ለአንድ ዓመት የሚያገለግል ፈቃድ ሰጠኝ። የቡና ጫኞች ይመጣሉ፣ አውቶቡሶች ይመጣሉ። ያ መንገድ ጎማ እንዴት እንደሚበላ የሚያውቅ ያውቀዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለእኔ መንገዱ መጥፎ በሆነ ቁጥር እንጀራዬ ነበር።

በበጋ ግን ሌሎች ደንበኞችም ይመጡ ነበር። ከኬንያ በሞያሌ በኩል ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ፈረንጆች። መኪናቸው ላይ ድንኳን፣ ድስትና ጄሪካን ጭነው፣ ፊታቸው በቀይ አፈር ተለውሶ ዲላ ሲደርሱ ጎማቸው ደህና ሆኖ የሚደርስ ከስንት አንድ ነው። ብር ገና አልመነዘሩም። የሚከፍሉኝ በኬንያ ሽልንግ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ወረቀቱን ገልብጬ ገልብጬ አየሁት። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር አጠገቤ ቆሞ ነበርና «ያዘው እንጂ አንተ፣ ገንዘብ እኮ ነው! ከብራችን በቀር ገንዘብ ያለ አይመስልህም?» ብሎ ሳቀብኝ። ተቀበልኩት። እንደ ግሪካዊው ልማድ፣ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቻቸው በቋንቋቸው ጻፉልኝ። ምን እንደጻፉ አላውቅም። ገንዘቡንና ጽሑፉን አንድ ላይ ጠቅልዬ ከአሮጌ ካላማዳሪ በቆረጥኩት ላስቲክ አሰርኩት።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ ያደረግሁት ነገር ሞኝነት ብቻ ይመስላችኋል።

አባቴ ከጨለለቅቱ ወዲያ በሰው መሬት ላይ ቡናና እንሰት የሚያለማ፣ ቀፎም የሚሰቅል ጭሰኛ ነበር። የመሬቱ ጌታ ድርሻውን የሚወስደው ከተገኘው ነገር ነው። ከቡናው ቡና፣ ከማሩ ማር። ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ሰሌን ላይ ሲከመር የጌታው ገማች መጥቶ አይቶ ድርሻውን እስኪያነሣ ድረስ አንዲት ፍሬ አይነካም። አባቴ ክምሩ አናት ላይ የእንሰት ቅጠል ያኖርና «ይሄ ቅጠል ሳይነሣ የማንንም እጅ እንዳላይ» ይለናል። አንድ ዓመት ገማቹ ሁለት ወር ዘገየ። ቤታችን ጨው መግዣ አልነበረም፤ ክምሩ ግን እዚያው እንደተቀመጠ ቆየ። ጎረቤታችን የራሱን ክምር ነክቶ ተገኘ። አስረው ወሰዱት። ሲመለስ መሬቱ ላይ ሌላ ሰው ገብቶበት ጠበቀው። ያንን ሰው በልጅነቴ አይቼዋለሁ፤ በገዛ ደጁ እንደ እንግዳ ቆሞ።

ቤተ ክርስቲያናችንም ብትሄዱ ያው ነበር። ዶሮ ያላት አሥራቷን በእንቁላል፣ በቆሎ ያለው በበቆሎ ያመጣል። ስለዚህ ሽልንጉ እጄ ሲገባ ሌላ ሐሳብ ጭራሽ አልመጣልኝም። ከብሩ የመንግሥት ድርሻ በብር ይወሰዳል። ከሽልንጉ ደግሞ በሽልንግ። ገማች መጥቶ ድርሻውን እስኪያነሣ ድረስም አይነካም። አንድ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ አገኘሁና ጥቅሎቹን በየተራ ከተትኳቸው። ከላይ ደግሞ፣ ሰው ቢስቅ ይሳቅ፣ የደረቀ የእንሰት ቅጠል አኖርኩበት።

ሚስቴ በዚህ ነገር አልተደሰተችም። ቤታችን ሣር ክዳን ነበር፤ በመጋቢት ዝናቡ ሲጀምር እንደ ወንፊት ያፈሳል። ድስት እያመጣች በሚንጠባጠበው ሥር ታስቀምጥና ጣሳውን ታያለች።

«እዚያ ጣሳ ውስጥ የጣራ ቆርቆሮ ተኝቷል» ትለኛለች። «እኛ እዚህ ዝናብ እንጠጣለን።»

«ድርሻው አልተነሣለትም» እላታለሁ።

«ድርሻውን የሚያነሣው ሰውዬ እዚህ መጥቶ አንድ ሌሊት ይደር። ቶሎ ያነሣዋል!»

እንዲህ እያልን ዓመቱ አለቀ። ሰኔ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አዋጅ ተነገረ። ተቀጣሪ ያልሆነ፣ በራሱ የሚሠራ ሁሉ፣ ነጋዴም ሆነ ልብስ ሰፊ፣ የዓመት ገቢውን ግምጃ ቤት ቀርቦ ያሳውቅ፤ ያላሳወቀ ፈቃዱ አይታደስለትም ተባለ። ጎሚስታ የሚል ቃል ይኑርበት አይኑርበት እርግጠኛ አይደለሁም፤ እኔ ግን ስሰማ በስሜ የጠሩኝ መሰለኝ። በተቀጣሪነቴ ግብሬ ከደመወዜ ላይ ተቆርጦ ይሄድ ነበር፤ ወዴት እንደሚሄድ አይቼውም አላውቅ። አሁን ግን ራሴ ሰው ሆኜ ልቀርብ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ጣሳዬን በብብቴ ይዤ ሄድኩ።

ከግምጃ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከዛፍ ሥር፣ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ጥቁር ጃንጥላ ተክለው ይቀመጡ ነበር። የዕድሜ ባለጸጋ፣ ከሸዋ የመጡ፣ ጽሕፈታቸው የሚያምር፣ አፋቸው የማያርፍ ሰው ናቸው። ሃምሳ ሳንቲም ያስከፍላሉ።

«ና ተቀመጥ» አሉኝ። «ማንን ልትከስ ነው?»

«ክስ የለኝም ጋሼ። ገቢዬን ላሳውቅ ነው።»

«በገዛ እግርህ?» መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አደረጉት። «እኔ እዚህ ከተቀመጥኩ ጀምሮ የማውቀው ‹ግብር በዛብኝ› የሚለውን ነው። እስቲ ጠጋ በል፣ በደንብ ልይህ።»

የብሩን ገቢ ከደብተሬ አነበብኩላቸው። በየሳምንቱ የጻፍኩት ነበር፤ ፊደሉ የተንጋደደ ቢሆንም ቁጥሩ ደህና ነው። ጻፉ፣ ደመሩ። «ሌላስ?» አሉ፣ ብዕራቸውን ሊከድኑ እያሉ።

«ሽልንግ አለ» አልኩና ጣሳውን ጠረጴዛቸው ላይ አኑሬ ቅጠሉን አነሣሁ።

እንደዚያ ፈጥኖ የተንቀሳቀሰ ሽማግሌ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ሁለት እጃቸውን ጣሳው አፍ ላይ ደፉበት።

«ክደነው! ክደነው አልኩህ!» ግራ ቀኝ አዩ። «ይሄን ስንት ጊዜ ቤትህ አስቀመጥከው?»

«ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ዓመት! አንተ ጎሚስታ፣ ጤነኛ ነህ? የውጭ አገር ገንዘብ እጅህ እንደገባ ነው ባንክ የሚሄደው። ቤት ማከማቸት ክልክል ነው። ሞያሌ ላይ በዚህ የታሰረ ሰው አውቃለሁ። ገንዘቡም ተወረሰ፣ ሱቁም ታሸገ።»

ያ ጎረቤታችን፣ በገዛ ደጁ ቆሞ፣ ፊቴ ድቅን አለ። እኔ ክምሩን እንዳልነካ ብዬ የጠበቅሁት ነገር፣ ለካ መጠበቁ ነው ጥፋቱ!

ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ። እኔ ሽልንግ የሚባል አላየሁም፣ አልሰማሁም። ብሩን ብቻ እንጽፋለን። ገበያ ውስጥ ሽልንግ የሚገዛ ነጋዴ አለ፤ በዋጋው ትንሽ ይጎዳሃል እንጂ ጉዳዩ ዛሬውኑ ያልቃል። ነገ ና፣ ‹ከዚህ ሌላ ገቢ የለኝም› የሚለው ሥር ትፈርማለህ። ፈቃድህን ታሳድሳለህ፣ ጎማህን ትነፋለህ። አለቀ።»

ሃምሳ ሳንቲሙን እንኳ አልተቀበሉኝም። ጣሳውን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ቤት ተመለስኩ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ብብቴን የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

ሚስቴ ጓሮ ቆጮ ስትከትፍ አገኘኋት። ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ግን ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«እና ለነጋዴው ብትሸጠው ማን ያያል?» አለችኝ።

«ማንም አያይም።»

«ታዲያ?»

«ወረቀቱ ላይ ሌላ ገቢ የለኝም ብዬ ልፈርም ነው።» ከጎኗ ተቀመጥኩ። «ስሜን መጻፍ ከተማርኩ ገና አራት ዓመቴ ነው። ማታ ማታ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ፣ ይሄን በሚያክል ጣቴ፣ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አንቺ ታውቂያለሽ። አሁን ወስጄ ውሸት ሥር ልጻፈው?»

ዶሮዎቹ እግሯ ሥር ይጭራሉ። ኋላ ተነሣችና እጇን ታጠበች።

«ቢያስሩህ ስንት ጊዜ ነው?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ጋቢህን ልጠበው» አለች። «ዛሬ ፀሐይ አለ፤ እስከ ማታ ይደርቅልኛል። ቆጮ ደግሞ ጠንከር አድርጌ እጋግርልሃለሁ፤ ሳምንትም ቢሆን አይበላሽም። እስር ቤት የሚሰጡትን ምግብ እኔ አላምንም።»

ያን ቀን ጋቢው ገመድ ላይ ተሰቅሎ በነፋስ ሲወዛወዝ አየሁት። በማግስቱ በጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ፤ ጸለይን። በአንድ እጄ ጣሳዬን፣ በሌላው ጋቢዬንና በኮባ የተጠቀለለውን ቆጮ ይዤ ወጣሁ።

የማመልከቻ ጸሐፊው ገና ጃንጥላቸውን ሲዘረጉ ደረስኩ። ጭነቴን አይተው አፋቸውን ከፈቱ፤ እኔ ግን ሰላምታ ሰጥቼ አለፍኳቸው። እሳቸውን ጉዳዩ ውስጥ ላለማስገባት ወስኜ ነበር።

የግምጃ ቤቱ ሹም ቀጭን፣ ድምፀ ዝቅተኛ፣ ደጋግሞ የሚያስል ሰው ነው። ተራዬ ደርሶ ስገባ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይሄ ሁሉ ጭነት ምንድነው? መንገደኛ ነህ?»

«ጋቢና ስንቅ ነው ጌታዬ።»

«ለምን?»

«ለእስር ቤት ነው ጌታዬ።»

ጥግ ላይ የተቀመጠው ተላላኪ ሳቁ አመለጠውና በሳል አስመሰለው። ሹሙ አልሳቀም። «ማን አሰረህ?» አለኝ።

«እርስዎ ናቸው የሚያስሩኝ» አልኩና ጣሳውን ፊቱ አኑሬ ቅጠሉን አነሣሁ። ከዚያ በኋላ አፌ አላቆመም። ስለ ፈረንጆቹ፣ ስለ ጎማው፣ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። ሹሙ አንዱን ጥቅል አንሥቶ ላስቲኩን እየነካካ አዳመጠኝ።

«ይሄ እንዳለህ ማን ያውቃል?»

«ሚስቴ።» ውሸት እንዳይሆን ጨመርኩበት፦ «አንድ ሰውም አይቷል። የመከረኝ ለጥቅሜ ነውና ማንነቱን አይጠይቁኝ፣ ጌታዬ።»

«እሺ፣ አልጠይቅም። ለምን ዓመት ሙሉ አልመነዘርከውም?»

«ድርሻችሁ ሳይነሣለት?» አልኩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቁ ራሱ ገርሞኝ ነበር።

«የምን ድርሻ?»

ያን ጊዜ ስለ አባቴ ክምር ነገርኩት። ከቡናው ቡና፣ ከማሩ ማር። ቅጠሉ ሳይነሣ እንደማይነካ። እና ከሽልንጉም ሽልንግ መስሎኝ መቆየቴን። ሹሙ የደረቀውን ቅጠል ከጠረጴዛው ላይ አነሣው፤ አየው፤ ቀስ ብሎ መልሶ ጣሳው ላይ አኖረው። ከዚያ ወረቀት ስቦ ጻፈ፣ ማኅተም መታበት፣ ለተላላኪው ሰጠውና «ይዘኸው ሂድ» አለ። ወዴት እንደሆነ አልሰማሁም። ለመጠየቅም ድፍረት አልነበረኝም።

ወጣን። ተላላኪው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከግምጃ ቤቱ ትንሽ ራቅ ብሎ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ግራ ፖሊስ ጣቢያ፣ ወደ ቀኝ ባንክ። እስከዚያ መንታ ድረስ ያለችው መንገድ አጭር ናት፤ የዛሬ እግሬ እንኳ ቶሎ ይጨርሳታል። ያን ቀን ግን ረዘመችብኝ። በልቤ ክሪኩን ለማን አደራ እንደምሰጥ እያሰብኩ ነበር። መንታው ላይ ስንደርስ ተላላኪው ቆመ።

«ይሄ የሚሸተው ቆጮ ነው?» አለኝ።

«ቆጮ ነው።»

«ለእስር ቤት ሲሆን እንዲህ ያለ ቆጮ ይጋገራል? የእኔ ሚስት ለበዓልም አትጋግርም።» ብሎ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ወደ ቀኝ! ከኋላው ሆኜ ሰማይ ሰማይ አየሁ።

ባንኩ ውስጥ አንድ ወጣት ጸሐፊ ደብዳቤውን አንብቦ ለአለቃው አሳየ። አለቃው ወፍራም፣ ላቡን የሚጠርግ ሰው ነው። ጣሳውን ባንኮኒው ላይ ገለበጡት። ወጣቱ የመጀመሪያውን ጥቅል ፈታ፤ ገንዘቡን ለብቻ፣ ወረቀቱን ለብቻ አደረገና እንግሊዝኛውን ማንበብ ጀመረ።

«ሁለት ጎማ፣ ሃያ ሽልንግ፣ ተከፍሏል። ቀንም አለው» አለ። ገንዘቡን ቆጠረ። «ሃያ። ልክ ነው።»

ሁለተኛውን ፈታ። «አንድ ጎማ። ሰውየው ዝናብ ላይ ተንጋሎ ሠራልን።» ሦስተኛውን ሲፈታ ዓይኑን ከወረቀቱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ወረቀቱ መለሰ። «ይሄኛው ከሂሳቡ ሥር ሥዕል አለው። አንተን ነው የሳሉህ፣ ከነጢምህ።»

አለቃው ጠጋ አለ። ሌሎቹም ጸሐፊዎች ጠጋ አሉ። «የሚቀጥለውንስ? አንብበው እስቲ» ይላሉ።

«‹ከሚገባው በላይ ብንሰጠው መለሰልን።› ይሄኛው ደግሞ፦ ‹ምሳ አበላን። ምን እንደበላን አናውቅም፤ ከእንጨት ነው የሚሠራው አሉን፤ ቢሆንም ጥሩ ነበር።›»

ባንኩ በሳቅ ተናጋ። ተላላኪው ወደ ኮባው እያመለከተ «ያው ነው! ያው እንጨት እኮ ነው!» ይላል። ወጣቱ ጸሐፊ ቀጠለ። «‹መኪናችን ምን ያህል እንዳረጀ አይቶ ሳቀብን፤ ግን ሠራው።›» ይሄ እውነት ነው። ስቄባቸዋለሁ። አፈርኩ።

ዓመት ሙሉ ምን እንደሚሉ ሳላውቅ ያሰርኳቸው ወረቀቶች እንዲህ አንድ በአንድ አፍ አውጥተው መሰከሩልኝ። አንዱም ከገንዘቡ አልጎደለም፣ አልተረፈም። አለቃው መጨረሻ ላይ ላቡን ጠረገ፤ ፊቱን ኮስተር አደረገ።

«ስማ ወንድሜ። ይሄ እንዲህ መቆየት አልነበረበትም። ጥፋት ነው። ግን ደብቀህ ተይዘህ አይደለም፤ በራስህ ይዘህ መጥተሃል፣ ግምጃ ቤቱም በደብዳቤ ልኮሃል፣ ከየት እንዳገኘኸውም ይኸው ተጽፏል። እንመነዝርልሃለን። ከአሁን ወዲያ ግን አንድ ኖትም ብትሆን በዚያው ቀን እዚህ ታመጣታለህ። ተስማማን?»

«በዚያው ቀን፣ ጌታዬ።»

«ቅጠሉንም ተወው።»

«እተወዋለሁ ጌታዬ።»

መሐላቸው ቀዳዳ ያላቸው ጥቂት ሳንቲሞች ነበሩ። ባንኩ ሳንቲም አልወስድም አለ፤ «ለሚስትህ ስጣት» አሉኝ። ብሩን ቆጥረው፣ የመነዘሩበትን ወረቀት ጨምረው ሰጡኝ። እኔ ስወጣ ዘበኛው ሳይቀር «ደህና ሁን ጎሚስታው» አለኝ።

ወደ ግምጃ ቤቱ ተመለስን። ሹሙ የባንኩን ወረቀት አየ፤ ቅጹን አወጣና የብሩንና የተመነዘረውን አንድ ላይ አስገባ። ለማስቲሹና ለባለ አጥሯ ሴትዮ ኪራይ ያወጣሁትንም ጠይቆ ቀነሰልኝ፤ እንደሚቀነስ አላውቅም ነበር። ከዚያ መክፈል ያለብኝን ነገረኝ።

«ይሄን ብቻ?» አልኩ። አምልጦኝ ነው።

ሹሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «መጨመር ትፈልጋለህ?»

«ኧረ አይደለም ጌታዬ! ሚስቴ ቆርቆሮ ትፈልጋለች።»

«እንግዲያው እዚህ ላይ ፈርም።»

ብዕሩን ሰጠኝ። ከመስመሩ በላይ የተጻፈውን ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ ያስታወቅሁት ገቢ እውነትና ሙሉ መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። ስሜን ጻፍኩ። እጄ ከባድ ነው፤ ፊደል በፊደል ነው የምሄደው። ከኋላዬ የቆሙ ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ሹሙ እጁን አነሣና ዝም አሰኛቸው። እስክጨርስ ጠበቀኝ። የመጨረሻዋን ፊደል ስጽፍ፣ ከትናንት ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሥቶ ሄደ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ተነሥቶ ሄደ ነው የምለው።

ከፍዬ፣ ያን ዛሬ ዳዊት ውስጥ የማስቀምጠውን ደረሰኝ ተቀብዬ ስወጣ የማመልከቻ ጸሐፊው ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመው ነበር።

«ለቀቁህ?»

«አልያዙኝም ጋሼ።»

«ሽልንጉስ?»

«ተጻፈ። ተመነዘረ። ግብሩም ተከፈለ።»

ቁጭ አሉ። ጢማቸውን አሻሹ። «ሃምሳ ሳንቲሜን አስቀረህብኝ» አሉ በመጨረሻ። «አንተን የመሰሉ ሦስት ሰዎች ቢመጡ እኔ ይሄን ጃንጥላ ሸጬ ነው አገሬ የምገባው።»

ኮባውን ፈታሁና ቆጮውን መሐላችን አስቀመጥኩት። ተላላኪውም ሽታው ጠርቶት መጣ። የእስር ቤት ስንቄን ከዛፉ ሥር ሦስት ሆነን በላነው። ጸሐፊው ብዙ ጥርስ አልነበራቸውምና ትንሽ ትንሽ እየቆረሱ «ጠንክሯል፣ ግን ያምራል» ይሉ ነበር። ግማሹን አስቀረሁ።

ቤት ስደርስ ሚስቴ ደጅ ቆማለች። ጋቢውን ትከሻዬ ላይ፣ የተረፈውን ቆጮ እጄ ላይ ስታይ፣ ወደ ውስጥ ገባችና ለብቻዋ አለቀሰች፤ ወጥታ ግን «ለሳምንት የጋገርኩትን በግማሽ ቀን አጋመስከው?» አለችኝ። ቀዳዳ ያላቸውን ሳንቲሞች ሰጠኋት። በክር አስገብታ ከሣጥኗ ቁልፍ ጋር አሰረቻቸው። ፈቃዴ በዚያው ሳምንት ታደሰ። ቆርቆሮውም ከመስከረም በፊት ተመታ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድበት ጫጫታው ስላላስተኛን ስንስቅ አመሸን።

በኅዳር መንገዱ ደረቀና ፈረንጆቹ መምጣት ጀመሩ። የዚያን ዓመት የመጀመሪያው አንድ ጎማ አሠራ፣ ጽፎ ሰጠኝ፣ አንዲት ኖት ከፈለኝ። መኪናው ከዓይኔ ሳይጠፋ ሥራዬን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ እጄ በጥቀርሻ እንደጠቆረ፣ ወደ ባንኩ ገሰገስኩ። ለምሳ ዘግተዋል። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛው አወቀኝ።

«ስንት ይዘህ ነው?»

አሳየሁት።

«ለዚች ነው ፀሐይ ላይ የምትቀመጠው? ነገ ብትመጣስ?»

«ዛሬ ይሻላል» አልኩት።

ሳቀና የራሱን በርጩማ አምጥቶ ሰጠኝ። እስኪከፍቱ ድረስ ስለ ቡናው ዋጋ አወራን።